ኢንስፔክተሩን መታወቂያ የጠየቀው የለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ። ባለፈው ዕትማችሁ ስለ እንግሊዛዊው ደራሲ ጄ. ቢ. ፕሪስትሊ ተውኔት የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ተውኔቱ «አን ኢንስፔክተር ኮልስ» ይባላል፤ «ኢንስፔክተር መጥቷል» ብንለው ያስኬዳል። ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ የተደከመበት መሆኑም ያስታውቃል። ግን ገጹ በሙሉ ያለቀው አንድ ጥያቄ ላይ ነው። ኢንስፔክተር ጉል ማነው? መንፈስ ነው? መልአክ ነው? ወይስ ደራሲው ራሱ ኮት ለብሶ ገባ? በመጨረሻ «መንፈስ ነው» ተብሎ ተዘጋ። እኔ ደግሞ መዝገቡ እንዲህ በቀላሉ መዘጋት የለበትም ባይ ነኝ።

አንተ ምን አገባህ ትሉኝ ይሆናል። አገር ቤት ሳለሁ ዐሥራ አንድ ዓመት ወንጀል መርማሪ ነበርኩ። አሁን ሰሜን እንግሊዝ የጭነት መኪና እነዳለሁ። ልጄ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ይህ ተውኔት ደግሞ እዚህ አገር በእሷ ዕድሜ ያሉ ተማሪዎች ከሚፈተኑባቸው አንዱ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ራት የሚቀርበው ለአራት ሰው ነው ማለት ይቻላል። አራተኛው ኢንስፔክተሩ ነው።

ሌላም አለ። በኤም 62 አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ስነዳ «ጉል» የሚል የመንገድ ምልክት አልፋለሁ። ኡዝ ወንዝ ላይ ያለች፣ ከባሕሩ ገባ ያለች የወደብ ከተማ ናት። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የውሃ ማማዎች አሏት፤ ሰዉ «ጨውና በርበሬ» ይላቸዋል። የከተማዋ ስም የሚጻፈው ፊደል በፊደል እንደ ኢንስፔክተሩ ነው። ልጄ አንድ ቀን አብራኝ ስትሄድ አይታው «አባዬ፣ ያንተ ሰውዬ አገር!» ብላ ሳቀች። ጽሑፋችሁ ግን ስሙን ለመንፈስነቱ ማስረጃ አድርጎታል። እርግጥ ነው፣ ከዐረብኛ ወደ እንግሊዝኛ የገባ ሬሳ የሚበላ ጅኒ ስም አለ፤ ሲጠሩትም ያው ጉል ነው። ደራሲውም ይህን ሳያውቅ አልቀረም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1954 የተሠራው ፊልም ስሙን «ፑል» ብሎ ቀይሮታል። በስም ከሄድንማ እዚያ መዋኛ ገንዳ ሊሆን ነው።

ታሪኩን ላላነበበ ባጭሩ ልበል። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1912 ነው፤ ታይታኒክ ልትነሳ አንድ ሳምንት ቀርቷታል። ቦታው ብረምሊ የምትባል፣ ደራሲው የፈጠራት የፋብሪካ ከተማ ናት። ባለፋብሪካው አቶ ቢርሊንግ የልጃቸውን የሺላን መታጨት ምክንያት አድርገው ራት ጋብዘዋል። መርከቧ አትሰጥምም፣ ጦርነትም አይመጣም ሲሉ አምሽተዋል። ሰው የራሱን ጉዳይ ይያዝ፣ ራሱንና የራሱን ይጠብቅ እያሉ ወጣቶቹን ሲመክሩ የበር ደወል ይጮኻል። ኢንስፔክተር ነው። ኢቫ ስሚዝ የምትባል ወጣት የጀርም ማጥፊያ ጠጥታ ሞታለች ይላል።

ከዚያ ክሩን መሳብ ይጀምራል። አቶ ቢርሊንግ ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት ከፋብሪካ አባረዋታል፤ ጥፋቷ የሳምንት ደሞዝ ከ22 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ወደ 25 ሺሊንግ ይደግልን ብላ ማደሟ ነው። ሺላ ከልብስ መደብር አስባርራታለች፤ ልብስ ስለካ ሳቀችብኝ ብላ። እጮኛዋ ጄራልድ ለጥቂት ወራት ይዟት ተዋት። የቤቱ ልጅ ኤሪክ ሰክሮ በግድ ክፍሏ ገባ፤ አስረገዛት፤ ከአባቱ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ሰርቆ 50 ፓውንድ ያህል ሰጣት። እናትየው፣ ወይዘሮ ቢርሊንግ፣ በሚመሩት የበጎ አድራጎት ኮሚቴ በኩል እርዳታ ብትጠይቅ ከለከሏት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት እኛ ሁልጊዜ ለበጎ ነው የምንጠቅሰው። እዚህ ቤት አምስት ድር አብሮ ያሰረው አንዲት ድሃ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ሰውዬው ሲገባ ምን እንደሚሆን ልብ በሉ። ወይን ይቀርብለታል፤ ሥራ ላይ ነኝ ብሎ ይመልሳል። አቶ ቢርሊንግ የከተማው ከንቲባ የነበሩ፣ አሁንም ለዳኝነት የሚቀመጡ ሰው ናቸው። የብረምሊን ፖሊሶች በደንብ አውቃለሁ፣ አንተን ግን አይቼህ አላውቅም ብለው ራሳቸው ይነግሩታል። በቅርቡ ተዛውሬ ነው ይላል። በቃ፤ ጥያቄው እዚያው ላይ ያበቃል።

አስመሳይ ብሆን ኖሮ እዚህ ላይ ላብ ያጠምቀኝ ነበር። ዳኛ አላውቅህም ብሎህ መታወቂያ አለመጠየቁ የሚገርም ነው። እኔን ግን አልገረመኝም። በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሲቪል ለብሼ ስንት ቤት ገብቻለሁ። መጀመሪያ መታወቂያህን አሳየኝ ያሉኝ አንዲት እናት ብቻ ናቸው። መነጽራቸውን አስመጥተው፣ ፎቶዬንና ፊቴን እያመሳከሩ በሩ ላይ አቆሙኝ። እሳቸው ደግሞ ከጉዳዩ ምንም ንክኪ አልነበራቸውም። ሌላው ሁሉ «ግባ፣ ቁጭ በል» ነው የሚለው። ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር ያለበት ሰው ወረቀት አይጠይቅም። አንተ ምን እንደምታውቅ ለማወቅ ይቸኩላል።

ሩሲያዊው ጎጎል ይህን ቀድሞ አሳይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1836 መድረክ ላይ በወጣው ተውኔቱ አንድን ተራ መንገደኛ ተቆጣጣሪ ያደረጉት የከተማው ሹማምንት ራሳቸው ናቸው። ሰውዬው አልሾመም ራሱን፤ ፍርሃታቸው ሾመው።

መብራቱንም ተመልከቱ። ጽሑፋችሁ «ከመንፈሱ ጋር የገባ ብርሃን» ብሎታል። እስከዚያ ድረስ መብራቱ ሮዝ ያለና ለስላሳ ነው፤ ኢንስፔክተሩ ሲገባ ይከርራል። ልክ ነው፣ የመድረክ መመሪያው ይላል። ግን ከዚያ በፊት ያለችውን መስመር አንብቡ። አቶ ቢርሊንግ ሠራተኛዋን ኤድናን እንግዳውን አስገቢው ካሏት በኋላ ብርሃን ጨምሪልን ይሏታል። ብርሃኑን ያዘዙት ባለቤቱ ናቸው።

እኔ የምለው እንግዲህ ይህን ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ሥልጣን የሌለው ሰው ኢንስፔክተሩ ብቻ ነው። የቀሩት ሁሉ ባለሥልጣን ናቸው። አቶ ቢርሊንግ የመቅጠርና የማባረር ሥልጣን አላቸው። ሺላ የደንበኛ ሥልጣን አላት፤ እናቴን ነግሬ ከሱቃችሁ ሒሳባችንን አዘጋለሁ ብላ ነው አስተዳዳሪውን ያስፈራራችው። ወይዘሮ ቢርሊንግ ደግሞ ከሁሉም የከፋው አላቸው። ያን ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ሥራ ላጣች ሴት መንግሥት የሚከፍለው አበል አልነበረም። የብሔራዊ መድን ሕግ በ1911 ወጥቷል፤ የሥራ አጥ ክፍያው ግን መርከብ ሥራንና ግንባታን ለመሳሰሉ ጥቂት ሙያዎች ነበር፤ እሱም መከፈል የጀመረው በ1913 ነው። ለኢቫ የቀራት ወይ ምጽዋት ነው ወይ ወርክሃውስ የሚሉት የድሆች ማጎሪያ። ስለዚህ የኮሚቴዋ ሰብሳቢ «አይገባትም» ሲሉ የይግባኝ በር የለም። ይህ ነው ሥልጣን ማለት። ጉል ግን ማንንም አላሰረም፤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አላሳየም፤ ጣቢያ እንሂድ አላለም። የፖሊስ አዛዡ ወዳጄ ናቸው፣ ጎልፍ አብረን እንጫወታለን ብለው አቶ ቢርሊንግ ሊያስፈራሩት ሲሞክሩ፣ እኔ ጎልፍ አልጫወትም ብሏቸው ያልፋል። ሳቄ መጣ እዚህ ጋ። መልሱ የጣቢያ ሰው መልስ ነው።

ምርመራው ራሱ፣ በሙያው ደንብ ካየነው፣ የተበላሸ ነው። እኛ ተጠርጣሪ ሲበዛ እንለያያቸዋለን፤ አንዱን እዚህ ክፍል፣ ሌላውን እዚያ። ቃላቸውን እንዳያስማሙ። ፎቶ ስናሳይ ደግሞ አንድ ብቻ አናሳይም፤ ከመሰል ፎቶዎች ጋር ቀላቅለን «ከነዚህ የምታውቃት አለች?» ነው የምንለው። ጉል ሁለቱንም ገልብጦ ይሠራል። ፎቶውን ለአንድ ሰው ብቻ፣ ሌላው እንዳያይ ከልሎ ያሳያል። ቃሉን ግን የሚቀበለው በሁሉም ፊት ነው። አባት ልጆቹ እየሰሙ፣ እጮኛ እጮኛው እየሰማች።

መጀመሪያ ሳነብ ተናድጄ መጽሐፉን ዳሽቦርዱ ላይ ወረወርኩት። ይሄ ሰውዬ ሥራውን አያውቅም አልኩ። ሁለተኛ ጊዜ ሳነብ ነው የገባኝ። ሰውዬው ማስረጃ ፍለጋ አልመጣም። ክፍሏ ውስጥ ደብዳቤና የዕለት ማስታወሻ አግኝቻለሁ ይላል፤ የሚጠይቀውን ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። መዝገብ የሚያስከፍት ወንጀልም ቢፈለግ ከኤሪክ ሥራ በቀር የለም፤ የሌሎቹ በሕግ አያስጠይቅም። የሚፈልገው አንዱ የሌላውን ጉድ እንዲሰማ ነው። ለፍርድ ቤት የማይረባ ምርመራ ለአንድ የራት ጠረጴዛ ግን ይረባል።

ስለ ተውኔቱ የሚጽፍ ሁሉ የመጨረሻ ንግግሩን ይጠቅሳል፤ ሰው ይህን ካልተማረ በእሳትና በደም ይማረዋል የሚለውን። እናንተም ጠቅሳችሁታል። ተውኔቱ የተጻፈው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል ነው፤ ለንደን ቴያትር ቤት ስላልተገኘለት እ.ኤ.አ. በ1945 መጀመሪያ የታየው ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ነው፤ ለንደን የደረሰው በ1946። ያ ተመልካች እሳቱንም ደሙንም አይቶታል፤ ይገባዋል። እኔን ግን ንግግሩ ብዙም አልያዘኝም። ትንሽ ስብከት ይበዛበታል፤ ደራሲው ይቅር ይበለኝ። እኔን የያዘኝ ሰውዬው ብዙ ያልተናገረበት ቦታ ነው።

ወይዘሮ ቢርሊንግ ናቸው የተያዙት። እኔ ጥፋት የለብኝም ይላሉ። ጥፋቱ የልጅቷ ነው፤ ቀጥሎም ያስረገዛት ወጣት ነው። እሱ ነው መጠየቅ ያለበት፣ በሕዝብ ፊት ይውጣ፣ መቀጣጫ ይሁን ይላሉ። ሺላ ማን እንደሆነ ገብቷታል። እማዬ ተይ፣ ይብቃሽ ትላለች። እሳቸው አይሰሙም። ኢንስፔክተሩ አላስቆማቸውም፤ አልገፋቸውምም። እንዲህ ነው ማለት ነው? እያለ አጠር አጠር ባለ ጥያቄ መንገዱን ይጠርግላቸዋል። እሳቸው በገዛ እግራቸው ይሄዳሉ። ከዚያ ለምን ትቆያለህ ሲባል ሥራዬን ልሠራ እየጠበቅኩ ነው ይላል። የውጪው በር ይጮኻል። ኤሪክ ይገባል፤ ፊቱ ዐመድ መስሏል። መጋረጃ።

እንዲህ ያለ ዝምታ ስንት ዓመት ይፈጃል ለመማር! ጀማሪ መርማሪ ዝምታን አይችልም። ተጠርጣሪው ሊናዘዝ ሲል እሱ ጣልቃ ገብቶ ያስተምረዋል። እኔም አድርጌዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ብዙ ጊዜ።

ልጄ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ ራሳቸው ሠርተው ሲያሳዩን ሄጄ ነበር። ኢንስፔክተሩን የተጫወተችው ትከሻዬ ጋ የማትደርስ ልጅ ናት። የአባቷን ይሁን የማንን የማላውቀው ኮት ለብሳለች፤ እጅጌው ሁለት ጊዜ ታጥፏል። መጀመሪያ ሰው ሳቀ። ከዚያ አንድ ነገር አደረገች። ከመናገሯ በፊት የምታናግረውን ሰው ትክ ብላ ታየዋለች። ደራሲው የጻፈው ልክ እንደዚያ ነው፤ የግድ ግዙፍ ሰው መሆን የለበትም፣ ግን ክፍሉን ይሙላው ይላል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሳቁ ጠፋ።

እኔ የተቀመጥኩት በጎን በኩል፣ ከመድረኩ ጠርዝ አጠገብ ነው። ፎቶውን ከኪሷ አውጥታ ለሺላ ስታሳይ ካርዱ ወደኔም ዞረ። ፎቶ አይደለም። የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ካርድ ነው። ቀኑና ሰዓቱ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፎበታል። ሺላ የሆነችው ልጅ አየችውና ጮኻ ወጣች። እንባዋ የእውነት ነበር። እኔም ካርዱን ያየሁት ሰውዬ ጉሮሮዬ ያዘኝ።

ከዚያ ወዲህ ፎቶው የማን ነበር የሚለው ጥያቄ ሌላ መልክ ያዘብኝ። ጄራልድ፣ ጥሩ መርማሪ ይወጣው ነበር፣ ይህን ነጥብ ያነሳል። ውጪ ወጥቶ አንድ ሳጅን አግኝቶ ጠይቋል፤ ጉል የሚባል ኢንስፔክተር የለም። አቶ ቢርሊንግም ደውለው አረጋገጡ። ታዲያ ፎቶው አንድ ስለመሆኑ ምን ማስረጃ አለን? ፎቶ ላየው ሰው ሁሉ ሌላ ሌላ ልጅ አሳይቶ ቢሆንስ? በሕግ ዓይን ልክ ነው። ጠበቃ ቢሆን መዝገቡን በአንድ ጠዋት ያስዘጋው ነበር። ሐኪም ቤት ይደውላል፤ ዛሬ የጀርም ማጥፊያ ጠጥታ የመጣች የለችም ይባላል። እፎይ! አቶ ቢርሊንግ መጠጥ ይቀዳሉ። ኢንስፔክተሩን እያስመሰሉ ይስቃሉ። ጄራልድ ቀለበቱን አውጥቶ ለሺላ መልሶ ይዘረጋል።

አዘጋጅ ሆይ፣ እኔን ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ እዚህ ቦታ ነው። ጽሑፋችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያለፈው።

ልጅቷ አልሞተችም አሉ። ደስ አላቸው። ይሁን። ካልሞተች ግን በሕይወት አለች ማለት ነው። ኢንስፔክተሩ ውሸታም ይሁን፣ ፎቶውም ሌላ ሌላ ይሁን፣ ልጆቹም አምስት ይሁኑ። ከሁለት ሳምንት በፊት ወይዘሮ ቢርሊንግ ፊት ቆማ እርዳታ የጠየቀች ነፍሰ ጡር አለች። ይህን እሳቸው ራሳቸው አምነዋል። ከኤሪክ ያረገዘች ልጅ አለች። ይህንም እሱ አምኗል። በራሳቸው ስሌት ሴትዮዋ በዚያች ሰዓት ከተማው ውስጥ የሆነ ቦታ አለች፤ ገንዘብ የላትም፤ ከኮሚቴው በር ተመልሳለች። አንድ ሰው ኮቱን አንስቶ «እስቲ የት እንዳለች እንፈልግ» አላለም። የሆስፒታሉን ስልክ ቁጥር ያገኘ ሰው የእሷን አድራሻ ለመጠየቅ አላሰበም።

ከዚያ ስልኩ ይደወላል። ፖሊስ ነው። አንዲት ወጣት የጀርም ማጥፊያ ጠጥታ ወደ ሐኪም ቤት እየተወሰደች አሁን ሞተች። ጥያቄ የሚጠይቅ ኢንስፔክተር ወደ እናንተ እየመጣ ነው።

«አሁን» የምትለውን ቃል ልብ በሉልኝ። መርማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሰዓት ነው። ያቺ ኢቫ ትሁን ሌላ፣ መጠጥ ሲቀዳና ቀለበቱ ሲዘረጋ በሕይወት ነበረች።

ስለዚህ ጉል ማነው ለሚለው ጥያቄ መልስ አልፈልግም። መልአክ ቢሆን ለምን ቤቱን ትቶ ልጅቷ ጋ አልሄደም ብዬ እጠይቀዋለሁ። አስመሳይ ቢሆን ደግሞ እጁን እጨብጠዋለሁ። ሁለቱም ሌላ ጉዳይ ነው። እነሱ ግን ማንነቱን ለማጣራት የሮጡትን ሩጫ ሩብ ያህሉን ወደ ልጅቷ አልሮጡም። ጽሑፋችሁም፣ አትቀየሙኝና፣ ከነሱ ጋር ነው የሮጠው።

ይህንኑ ለልጄ ነገርኳት። እሷ የሺላ ወገን ናት፤ ክፍሏ ውስጥ ስለ ሺላ የጻፈችው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ሺላ ተቀይራለች፣ ያደረግነው ሁሉ ያው አድርገነዋል ያለችው እሷ አይደለችም እንዴ ብላ ተከራከረችኝ። ልክ ነሽ አልኳት። ሺላስ ታዲያ ልጅቷን ፍለጋ ወጣች?

መጽሐፉን ከእጄ ወሰደችና የመጨረሻዎቹን ገጾች ቆማ አነበበች። ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ገለጠች።

«አልወጣችም» አለች።

ከዚያ እርሳስ ፈልጋ ገጹ ዳር ላይ አንድ ነገር ጻፈች። ምን እንደሆነ አላሳየችኝም።

አክባሪያችሁ፣
የጭነት መኪና ሹፌር፣ ከሰሜን እንግሊዝ